ስለ ጉበትና ስለ ክፋዮቹ



አንድ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ጉበት ሲጽፍ ስታዩ «ይህ ደግሞ ምን አገባው?» ማለታችሁ አይቀርም። ልክ ናችሁ፤ እኔ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም። ነገር ግን አምና ለመስቀል ወደ ኡካ በሄድሁ ጊዜ አንድ ጥያቄ ተጠይቄ መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ የሕክምና ተማሪ ከሆነው የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ መጻሕፍት እየተዋስሁ፥ እሱንም በጥያቄ እንቅልፍ እየነሣሁ፥ የተረዳሁትን ያህል ላካፍላችሁ ተነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኡካ በኢሉባቦር፥ በመቱ አካባቢ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በመስቀል ጎረቤቱ ተሰብስቦ በሬ በቅርጫ ጣለ። ሥጋው ተመድቦ ዕጣ ሳይወጣበት ጉበቱ ወጥቶ በኮባ ቅጠል ላይ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ትኩሱን በሚጥሚጣ እያጠቀሰ ሲቀምስ አጎቴ ግን ከዳር ተቀምጦ ዝም አለ። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኖ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ወፍ ነው፤ በላዩ ላይ ወፍ አልፋበት ነው» አሉ። ሌሎቹም ነገሩን አጸኑ፤ ወደሚያውቁት ባለመድኃኒትም እንዲሄድ መከሩት። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞር ብለው፥ «አንተ ልጅ፥ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው! ሐኪሞቹ ይህን የጉበት በሽታ ነው ይላሉ አሉ። ለመሆኑ የሰው ጉበት የቱ ጋ ነው? ከዓይንስ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም በቅጠሉ ላይ ያለውን የበሬ ጉበት አየሁ፤ የአጎቴንም ፊት አየሁ፤ አፌን ያዝሁ።

አጎቴ የታዘዘለትን ሥር እየጠጣ ሁለት ወር ቈየ። በኋላ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ወደ ሐኪም በተወሰደ ጊዜ ጉበቱ ከብዙ ዓመት ጀምሮ እየጠነከረና እየጠበሰለ የመጣ መሆኑን ነገሩን። ጥምቀትን አላየም።

ይህን የማነሣው ለቅሶውን ለመድገም አይደለም። የሽማግሌው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ የቱ ጋ ነው ከሚለው እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ቦታውና መልኩ

ቀኝ እጃችሁን በቀኝ ጎናችሁ በታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ላይ አሳርፉ። ጉበት ከዚያ ሥር ነው። ደረትንና ሆድን ከሚለየው ድያፍራም ከሚባለው የሥጋ መጋረጃ በታች ተለጥፎ፥ ከቀኝ ጎን ተነሥቶ ጨጓራን በከፊል እየሸፈነ ወደ ግራ ይዘልቃል። በጤናማ ሰው አብዛኛው ክፍሉ ከጎድን አጥንት ጀርባ የተሸሸገ ነው። ሐኪም ሆዳችንን እየዳሰሰ «በረጅሙ ተንፍስ» የሚለን ስለዚህ ነው፤ አየር ስንስብ መጋረጃው ጉበቱን ወደ ታች ይገፋውና ጠርዙ እጅ ላይ ይደርሳል።

የአዋቂ ሰው ጉበት 1 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ከሰውነት ክብደት ከመቶ 2 ገደማ መሆኑ ነው፤ በአራስ ሕፃን ግን ከመቶ 5 ያህል ይደርሳል። በሆድ ዕቃ ውስጥ እንደ እሱ ያለ ከባድ ብልት የለም። በግዕዝ ጉበትም ሆድም ከብድ ይባላል፤ ፊደሉ ከብደ፥ ከባድ ከሚለው ጋር አንድ ነው። በዕብራይስጥም እንዲሁ ጉበትና ከባድ አንድ ስም አላቸው። የጥንት ሰዎች በሬውን ሲያወራርዱ በእጃቸው የመዘኑትን በቋንቋቸው ጻፉት ማለት ነው።

ሰዎች ጉበትን በእጃቸው መዝነው ብቻ አልተዉትም፤ ሊያነቡትም ሞክረዋል። በአገራችን ሞራ ገላጭ የሚያነበው ሞራውን ነው። ባቢሎናውያን ግን የሚያነቡት የበጉን ጉበት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ሺህ ዘመን ለማስተማሪያ ከሸክላ የሠሩት፥ በየክፍሉ ጽሑፍ የተቀረጸበት የጉበት ምስል ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በኢጣልያ በፒያቼንሳ አጠገብ በ1877 የተገኘው የኤትሩስካውያን የነሐስ ጉበትም የአማልክት ስም በየክፍሉ ተጽፎበታል። ስለዚህ ጉበትን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፋይ ስም መስጠት ከሕክምና በፊት የነበረ ልማድ ነው።

አምስት የነበረው ክፋይ

ሐኪሞች የጉበትን ክፋይ ሎብ ይሉታል፤ ቃሉ ከግሪክ ነው። ለረጅም ዘመን የሰው ጉበት አምስት ሎብ አለው ተብሎ ይታመን ነበር። ጋሌን የተባለው የጥንት ሐኪም ዕውቀቱን ያገኘው የሰውን ሬሳ ከፍቶ ሳይሆን እንስሳትን ከፍቶ ነው። የውሻና የአሳማ ጉበት እንደ ቅጠል ጣቶች በጥልቅ የተሰነጣጠቀ ስለ ሆነ የሰውም እንዲሁ መሰላቸው። ፍላንድራዊው ቬሳሊየስ እንኳ በ1538 ባሳተመው ሥዕል ላይ ጉበትን አምስት ጣት አድርጎ ሥሎት ነበር። የሰውን ሬሳ በገዛ እጁ እየከፈተ ከመረመረ በኋላ ግን በ1543 በታተመው ታላቅ መጽሐፉ ስሕተቱን አርሟል። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሰው የራሱን ጉበት በውሻ ጉበት ሲያነብ ኖረ ማለት ነው። እኔም በኡካ በቅጠሉ ላይ ያለውን የበሬ ጉበት እያየሁ መልስ ስፈልግ ያደረግሁት ከዚህ አይለይም።

በውጭ የሚታዩት አራት ክፋዮች

የሰው ጉበት እንደ ውሻው የተሰነጣጠቀ አይደለም፤ ላዩ ለስላሳና የተያያዘ ነው። ከፊት ለፊት ሲያዩት ማጭድ የሚመስል ቀጭን ጅማት በሁለት ይከፍለዋል። በስተቀኙ ያለው ቀኝ ክፋይ ሲሆን እጅግ ትልቅ ነው፤ በስተግራው ያለው ግራ ክፋይ ደግሞ አነስተኛና ጠፍጣፋ ነው። ገልብጠው ከታች ሲያዩት ሁለት ትንንሽ ክፋዮች ይጨመራሉ። አንደኛው በሐሞት ከረጢትና በክቡ ጅማት መካከል ያለው ባለ አራት ማዕዘኑ ክፋይ ነው። ሁለተኛው ወደ ኋላ፥ በታላቁ የደም መልስ አጠገብ ያለው ጭራማው ክፋይ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘሌዋውያን የጉበት መረብ ተብሎ ከመሥዋዕቱ የሚለየው ነገር በግሪኩ ትርጉም ሎቦስ ይባላል፤ ብዙ ሊቃውንትም ይህ ጭራማው ክፋይ ነው ይላሉ።

ክቡ ጅማት ያልሁትን ሳላስረዳ አልለፍ። ፅንስ በማኅፀን ሳለ ምግብና ንጹሕ አየር ያለበት ደም ከእናቱ ወደ እሱ የሚመጣው በእትብት በኩል ነው። ያ የደም ሥር ከእምብርት ገብቶ በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ከተወለድን በኋላ ደሙ ይቆምና ሥሩ ደርቆ ከእምብርት እስከ ጉበት የተዘረጋ ጅማት ሆኖ ይቀራል። እትብቴ የተቀበረው በኡካ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን ግማሹ በጓሮ ሲቀበር ግማሹ እዚሁ በሆዳችን ከጉበታችን ጋር ታስሮ አብሮን ይዞራል።

በሩና በበሩ የሚገባው

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ሌሎች ብልቶች አብዛኛዎቹ ደም የሚያገኙት ከልብ በሚመጣ ደም ቅዳ ነው። ጉበት ግን ሁለት መግቢያ አለው። ከሚቀበለው ደም ሩቡን ያህል የሚያመጣለት ደም ቅዳው ነው፤ ሦስት ሩቡን የሚያመጣው ግን ፖርታል ቬይን የሚባለው የደም መልስ ነው። ፖርታ በላቲን በር ማለት ነው። ይህ ሥር ከጨጓራ፥ ከአንጀት፥ ከጣፊያና ከቆሽት ደም ሰብስቦ፥ ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በጉበት በር ያስገባዋል። የበላነውና የጠጣነው ነገር ከአንጀት ወደ ደም በገባ ጊዜ አብዛኛው መጀመሪያ የሚፈተሸው በዚህ በር ላይ ነው። በጉበት ውስጥ በደቂቃ 1 ሊትር ተኩል ያህል ደም ያልፋል።

ደሙ የሚፈተሽበት ቦታ ምን ይመስላል? ኢሉባቦር የማር አገር ነውና የማር እንጀራ ያላየ ያገሬ ሰው የለም። ጉበት በማጉያ መነጽር ሲታይ እንደ ማር እንጀራ ስድስት ማዕዘን ባላቸው፥ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ጥቃቅን ክፍሎች የተሞላ ነው። በየማዕዘኑ ሦስት ሥሮች አብረው ይቆማሉ፤ የበሩ ደም መልስ፥ ደም ቅዳውና የሐሞት መውረጃው። ደሙ ከማዕዘኑ ወደ መካከል እየፈሰሰ በጉበት ሴሎች መካከል ያልፋል። ሴሎቹ ስኳሩን ያከማቻሉ፤ መርዙን ይሰብራሉ፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ነገሮች ይሠራሉ። የተሠራው ሐሞት ደግሞ በተቃራኒው ከመካከል ወደ ማዕዘን ይወጣል።

በር ያለው ቤት ወዳጅም ጠላትም ይገባበታል። ለዚህ ከአገራችን ሁለት ምሳሌ ልስጥ።

አንደኛው ቢልሐርዝያ ነው። ትሉ የሚኖረው በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ነው፤ ከእንቁላሎቹ ብዙዎቹ በደሙ እየተወሰዱ በበሩ ገብተው በጉበት ጥቃቅን ሥሮች ውስጥ ይቀረቀራሉ። በዚያ ጠባሳ ይፈጠራል፤ በሩ ይጠባል፤ ደሙ መግቢያ አጥቶ ወደ ኋላ ይከማቻል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ በሽተኛውም ደም እስከማስታወክ ሊደርስ ይችላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ፥ እንዶድ የቢልሐርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋለው ይህን በሽታ ሲያጠና ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በስሙ ይጠራል። እንዶድ በእኛም አገር በየአጥሩ ይበቅላል፤ እናቶቻችን ያጥቡበታል።

ሁለተኛው በትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ በጸዓዳ እምባ የሆነው ነው። ከ2001 ገደማ ጀምሮ የመንደሩ ሰዎች፥ ሕፃናት ሳይቀሩ፥ ሆዳቸው እያበጠ ብዙዎች ሞቱ። ለብዙ ጊዜ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች ከእህሉ ጋር ተደባልቆ የሚበላ አረም፥ በውስጡ ባለው መርዝ ጉበትን እንደሚጎዳ ደረሱበት። መርዙ በምግብ ገብቶ ያረፈው በበሩ ላይ ነው።

እውነተኛው አከፋፈል

ጉበት በውስጡ የሚከፈለው በእነዚህ ሥሮች ቅርንጫፍ እንጂ በላዩ ባለው ጅማት አይደለም። ይህን ለማስረዳት ወደ ኢሉባቦር ልመለስ። የወረዳ ወሰን ሰው ያሰመረው ነው። የውኃ ወሰን ግን ተራራው የሚለየው ነው፤ ሶር ወደ ጌባ፥ ጌባ ወደ ባሮ የሚፈሰው የወረዳ ወሰን ጠይቆ አይደለም። ማጭድ መሰሉ ጅማት እንደ ወረዳ ወሰን ነው። ሥሮቹ ግን እንደ ወንዞቹ ናቸው።

ይህን በግልጽ ካሳዩት አንዱ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ካንትሊ ነው። ካንትሊ በሆንግ ኮንግ ያስተምር የነበረ፥ የቻይናው ሰን ያት ሰን መምህር የነበረ ሰው ነው። እውነተኛው የቀኝና የግራ መለያ መስመር ከሐሞት ከረጢቱ ተነሥቶ ወደ ታላቁ የደም መልስ የሚሄደው መሆኑን በ1897 አስረዳ። በዚህ አከፋፈል ቀኝና ግራ በመጠን ይቀራረባሉ። በውጭ ሲታይ ከቀኝ ጋር ይቈጠር የነበረው ባለ አራት ማዕዘኑ ክፋይ ደሙን የሚቀበለው ከግራው ቅርንጫፍ ስለ ሆነ የግራ ወገን ሆነ።

ከዚያ በኋላ ፈረንሳዊው ክሎድ ኩዊኖ በ1950ዎቹ ጉበት ስምንት ክፍል እንዳለው አሳየ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የበር ደም መልስ፥ የራሱ ደም ቅዳና የራሱ የሐሞት መውረጃ ቅርንጫፍ አለው። ደሙን ወደ ልብ የሚመልሱት ሦስቱ ትልልቅ ሥሮች ደግሞ በክፍሎቹ መካከል እንደ ድንበር ይወርዳሉ። ጭራማው ክፋይ 1ኛ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ያሉት በግራ፥ ከ5 እስከ 8 ያሉት በቀኝ ናቸው። ጭራማው ከቀኝም ከግራም ደም ይቀበላል፤ መውጫው ግን የራሱ ነው። ሦስቱ ሥሮች ቢዘጉ እንኳ እሱ በቀጥታ ወደ ታላቁ የደም መልስ ያፈስሳል፤ በዚህም ምክንያት ሌላው ሲጎዳ እሱ አብጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ይህ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። ቀዶ ጥገና ሐኪም ዕጢ ያለበትን አንድ ክፍል የሌሎቹን ደም ሳያቋርጥ ቈርጦ ማውጣት የቻለው ድንበሩን ስላወቀ ነው። ጉበት ደግሞ መልሶ ያድጋል፤ ሁለት ሦስተኛው ቢወጣ እንኳ የቀረው ጤነኛ ከሆነ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠኑ ሊጠጋ ይችላል። የወጣው ክፋይ ቅርጹን ይዞ አይበቅልም፤ የቀረው ይገዝፋል እንጂ። የግሪኮች ተረት ንስር የፕሮሜቴዎስን ጉበት ቀን ቀን ሲበላው ሌሊት ይተካ ነበር ይላል። በአሜሪካ ቶማስ ስታርዝል በ1963 ጉበትን ከሰው ወደ ሰው ለማዛወር ሞከረ፤ በ1967 ደግሞ ተሳካለት። ዛሬ ሕያው ሰው የጉበቱን አንድ ወገን ለዘመዱ መስጠት ይችላል፤ ቢላዋው የሚያልፈውም በካንትሊ መስመር አጠገብ ነው።

ዓይንን ከጉበት ምን አገናኘው?

ቀይ የደም ሴል ዕድሜው 120 ቀን ያህል ነው። ሲያረጅ ይፈርስና ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይተዋል። ይህን ከደም ለቅሞ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት የሚጥለው ጉበት ነው። ሳይጥለው ከቀረ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ መጀመሪያም በዓይን ነጭ ላይ ይታያል።

የማይጥለውም በሦስት ምክንያት ነው። በወባ እንደሚሆነው ደም ከልክ በላይ ሲፈርስና ጉበት ሥራው ሲበዛበት፤ ጉበቱ ራሱ ሲታመም፤ ወይም መውረጃው በጠጠር ወይም በዕጢ ሲዘጋ ነው። ሦስቱም መድኃኒታቸው ለየብቻ ነው። እኛ ግን ሦስቱንም ወፍ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛም ስሙ ከወፍ ጋር የተያያዘ ነው። ስሙ መኖሩ አይከፋም። የሚከፋው አንድ ስም ሦስት በሽታ ሲሸፍንና ለሁሉም አንድ ሥር ሲጠጣ ነው። የሚጠጣውም ሥር ያው በዚያው በር ወደ ታመመው ጉበት ይገባል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ዝምታው ነው። የጉበት ሥጋ ሕመም የሚሰማው ነርቭ የለውም፤ ሕመም የሚሰማው ሽፋኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ሄፓታይተስ ቢ ወይም የዘወትር አረቄ ለብዙ ዓመት ሲያጠብሰው ባለቤቱ እያረሰ፥ እየነገደ፥ እየተማረ ይኖራል። የአጎቴ ዓይን በመስቀል ቢጫ ሆነ እንጂ ጉበቱ በመስቀል አልታመመም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው። ዛሬ ሃያ ዓመት ካለፈን ተማሪዎች አብዛኛዎቻችን ከዚያ በፊት ተወልደናል። በሽታው በወሊድ ከእናት፥ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በደም ይተላለፋል፤ በመኝታ ክፍል የምንዋዋሰው ምላጭም አንዱ መንገድ ነው። በሕፃንነት የያዘው ከ10ሩ በ9ኙ ላይ ለብዙ ዘመን ይቀራል፤ በአዋቂነት ሲይዝ ግን አብዛኛው ሰው ያሸንፈዋል። የሚያውቀው አንድ የደም ምርመራ ነው። የሌለበት ይከተባል፤ ያለበት ክትትል ይደረግለታል፥ የሚያስፈልገውም ቫይረሱን የሚይዝ መድኃኒት ያገኛል። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ዛሬ በኪኒን የሚድን ሆኗል።

በሚመጣው መስቀል ወደ ኡካ እመለሳለሁ። በሬው ይጣላል፤ ጉበቱም በኮባ ቅጠል ላይ ይቀመጣል። ሽማግሌው ደግመው ቢጠይቁኝ እንዲህ እላቸዋለሁ፤ «አባባ፥ ጉበት በቀኝ ጎንዎ ከጎድን አጥንት ሥር ነው። የሚበሉት የሚጠጡት ሁሉ በበሩ ያልፋል። ቢጫውን ከደም የሚጠርገው እሱ ነው፤ ዓይን ቢጫ ሲሆን ጠራጊው ደክሟል፥ ወይም ሥራው በዝቶበታል፥ ወይም መንገዱ ተዘግቷል። የቱ እንደ ሆነ ወፍ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም፤ የደም ምርመራ ግን ይለየዋል። ነገ ሳይሉ ዛሬ መቱ ይውሰዱት።»

ለእናንተም የሚጠይቃችሁ ሽማግሌ በየአገራችሁ አለ። እስከዚያው ድረስ ግን የራሳችንን ደም እናስመርምር። እኔ ባለፈው ሳምንት ተመርምሬአለሁ፤ የመጀመሪያውንም ክትባት ወስጃለሁ።